«ልጄ የተሰረቀ መኪና ውስጥ ተገኘ፤ ፖሊስ ጋ ወስጄ ይቅርታ ላስጠይቀው?»

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ብሎ ይኸው፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ2017 በዲቪ መጣን፤ ሁላችንም ግሪን ካርድ አለን። የ15 ዓመት ልጄ ባለፈው ዓርብ ሌሊት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በተሰረቀ ኪያ ውስጥ ተያዘ። ፖሊስ ሲያስቆማቸው ወርደው ሮጠው ነበር። ሌሊቱን ተደውሎልን ሄደን አመጣነው። ‹እኔ ኋላ ነው የተቀመጥኩት፣ አልነዳሁም› ይላል። አሁን መርማሪ ፖሊስ ደውሎ ‹ይዘሽው ነይና ትንሽ እናውራ› አለኝ። እኔ እውነቱን ተናግሮ ይቅርታ ቢጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። አባቱ ግን ትኬት ቆርጦ አዲስ አበባ አጎቱ ጋ ሊልከው ነው። ልጅ ስለሆነ ይሰረዝለታል የሚሉንም አሉ። የእኛ ልጅ እንዲህ አልነበረም፤ ያበላሹት ጓደኞቹ ናቸው። ምን እናድርግ?»

መርማሪው ጋ አይውሰዱት። ትኬቱም አይቆረጥ። ይህን የምለው ከወጣት ተከሳሾች ጠበቆች ጋር እንደሚሠራ ሶሻል ወርከር ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህም ጽሑፍ የጠበቃን ቦታ አይተካም። ነገር ግን ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚሠራውን ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ስህተቱም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው።

ከስልኩ ልጀምር። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። ፖሊስ በቁጥጥሩ ሥር ያለ ልጅን መርምሮ ቃል ከመቀበሉ በፊት ልጁ ከጠበቃ ጋር መነጋገር አለበት፤ ለወላጅም መነገር አለበት። ልጁ «ግዴለም፣ ጠበቃ አልፈልግም» ቢል እንኳ ይህ አይታለፍም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን «በቁጥጥር ሥር» የምትለዋን ልብ ይበሉ። እናት በገዛ እጇ ልጇን ይዛ ስትሄድ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ልጁ በፈለገ ሰዓት መውጣት ይችላል ተብሎ ከተገመተ፣ ይህ ሁሉ ጥበቃ አይሠራም ሊባል ይችላል። «ነይና ትንሽ እናውራ» የሚለው ግብዣ የዋህ የሚመስለው ለዚህ ነው። መርማሪው ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ሥራው ፋይል መሙላት ነው፤ የሚሞላውም ልጅዎ በሚናገረው ነው።

ይቅርታ መጠየቅ እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ነገር ይበርዳል። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ግን ይቅርታ ማለት ማመን ነው። አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ነጠላዋን አጣፍታ የፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ማንነቱን ሳታውቅ ለዐቃቤ ሕጉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ልጄ አጥፍቷል፣ መኪናውን እነሱ ናቸው ያመጡት፣ እሱ መሰረቁን አውቆ ፈርቶ ነው ዝም ያለው» አለችው። ሰውየው በትሕትና ሰማት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈ። «መሰረቁን አውቆ» የሚለው ብቻ ይበቃው ነበር።

ለምን ይበቃዋል? «ኋላ ነው የተቀመጥኩት» የሚለው መከላከያ እርስዎ እንዳሰቡት ጠንካራ አይደለም። የተሰረቀ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ መገኘትም ሊያስከስስ ይችላል። ጥያቄው መሪውን ማን ያዘ ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ መሰረቁን ያውቅ ነበር ወይ፣ እያወቀስ መውረድ እየቻለ አብሮ ቆየ ወይ የሚል ነው። ማወቁ ደግሞ ከመኪናው ውስጥ ይነበባል። እንዲህ ያሉ ፎቶዎች በየፋይሉ አሉ፦ የኋላ መስታወት ረግፏል፤ ከመሪው ሥር ያለው ፕላስቲክ ተሰብሮ ስብርባሪው የሹፌሩ እግር ሥር ተበትኗል፤ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ዳኛው ይህን አይቶ «ልጁ ምንም አላወቀም» ለማለት ይከብደዋል። መሮጡም ራሱ ማወቁን ያሳያል ተብሎ ሊቀርብበት ይችላል። ይህ ማለት ግን ኋላ መቀመጡ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዋጋ የሚኖረው ጠበቃ በቦታው ሲያነሳው ነው።

በነገራችን ላይ ስልኩን አይንኩበት። ብዙ ወላጅ ደንግጦ የልጁን ቲክቶክና ስናፕቻት ያጠፋል። ማስረጃ ማጥፋት ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ ያንጊዜ ጣጣው ለእናትም ይተርፋል። በሌላ በኩል የልጁን ስልክ ለፖሊስ ከፍቶ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 እንደወሰነው፣ የተያዘን ሰው ስልክ ለመፈተሽ በመደበኛው አሠራር የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ውስጡ ያለውን ሳትነኩ ስልኩን ዘግታችሁ አስቀምጡትና ጠበቃ ይወስን።

«ልጅ ስለሆነ ይሰረዝለታል» የሚሉት በግማሽ ልክ ናቸው። የወጣቶች ፍርድ ቤት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ ውሳኔውም በሕግ ቋንቋ የወንጀል ፍርድ አይባልም። ግን በራሱ ጊዜ አይተንም። በሌላ በኩል በቆመ መኪና ስርቆትና በነጠቃ መካከል ትልቅ ገደል አለ። ሹፌሩ ተቀምጦበት እያለ በዛቻ ወይም በኃይል መኪናው ከተወሰደ ነጠቃ ነው። 16 ዓመት የሞላው ልጅ በዚህ ዓይነት ጉዳይ፣ በተለይ መሣሪያ ካለበት፣ እንደ አዋቂ ሊከሰስ ይችላል። ከኢስተርን አቬኑ ወዲያ ማዶ ዲሲ ውስጥ ደግሞ አዋቂ በመኪና ነጠቃ ጥፋተኛ ሲባል ዝቅተኛው ቅጣት 7 ዓመት ነው፤ መሣሪያ ካለበት 15። የእርስዎ ልጅ አሁን ያለው ከገደሉ በዚህ በኩል ነው። 16 ለመሙላት የቀሩትን ወራት ይቁጠሩ።

አሁን «ለምን መኪና?» ወደሚለው። ብዙ ሐበሻ ወላጅ ልጁ ሌባ የሆነ ይመስለውና ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ነገሩን በስሙ እንጥራው። ኪያና ሀዩንዳይ በተለይ ከ2011 እስከ 2021 ባሉት፣ በቁልፍ በሚነሱ ብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ ኢሞቢላይዘር የሚባለውን፣ ትክክለኛው ቁልፍ ከሌለ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክለውን መሣሪያ አላስገቡም። በ2015 ሞዴሎች ከሌሎቹ አምራቾች መኪኖች 96 በመቶው ይህ ነገር ሲኖራቸው ከእነዚህ ሁለቱ የነበረው 26 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ካናዳ ከ2007 ጀምሮ አስገዳጅ አድርጋዋለች፤ አሜሪካ አላደረገችም። መጀመሪያ ሚልዋኪ ውስጥ ልጆች ደረሱበት። በ2021 እዚያ ከተሰረቁት መኪኖች ሁለት ሦስተኛው ገደማ የእነዚሁ ሁለት ኩባንያዎች ነበሩ። በ2022 አሰራረቁ ቲክቶክ ላይ ወጣና አገር አዳረሰ። በፌብሩዋሪ 2023 የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለ8.3 ሚሊዮን መኪኖች የሶፍትዌር ማስተካከያ እንደሚደረግ ሲያስታውቅ፣ ከዚሁ ስርቆት ጋር የተያያዙ 14 አደጋዎችና 8 ሞት ሪፖርት እንደደረሰው ገልጿል።

ይህን የምጠቅሰው ልጁን ነጻ ለማድረግ አይደለም። የ15 ዓመት ልጅ መኪናውን የሚፈልገው ለመሸጥ እንዳልሆነ እንዲገባዎት ነው። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ አንድ መንደር ውስጥ ተጥሎ ይገኛል። ልጁ የሚፈልገው ተመልካች ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብቻውን ሆኖ የማይሞክረውን፣ ጓደኞቹ እያዩት ከሆነ ይሞክረዋል፤ ይህ በሥነ ልቦና ጥናት ተደጋግሞ የታየ ነው። በዚያ ላይ ስልኩ ሲጨመር ተመልካቹ አራት ሳይሆን አራት መቶ ይሆናል። ፋራ ላለመባል ሲል ኋላ ወንበር ላይ ይገባል። ባፋሎ ከተማ በኦክቶበር 2022 ስድስት ወጣቶች የተሰረቀ ኪያ ውስጥ ገብተው ነበር፤ አራቱ ሞቱ። ኋላ መቀመጥ ከክስ እንደማያድን ሁሉ ከግጭትም አያድንም።

የዚህ ነገር ሰለባ እኛው ራሳችን መሆናችንም አይረሳ። ማርች 2021 ዲሲ ውስጥ የ13 እና የ15 ዓመት ሴት ልጆች የአንድ ምግብ አመላላሽ ስደተኛን መኪና ሊነጥቁ ሲሉ ሰውየው ሞተ። በዚያች ከተማ በ2022 ከ480 በላይ የነበረው የመኪና ነጠቃ በ2023 ወደ 960 ደረሰ፤ በ2024 በግማሽ ገደማ ወረደ። ታክሲና ኡበር ላይ ካለው ሐበሻ ብዛት አንጻር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። የአክስቴ ልጅ መኪናው ሲሰረቅበት ሁለት ሳምንት ቤት ተቀመጠ፤ የቤት ኪራዩን ያዋጣነው እኛ ነን። ልጅዎ ይህን መስማት አለበት። ግን ከጠበቃ በኋላ፣ ቤት ውስጥ፣ ረጋ ተብሎ።

«ያበላሹት ጓደኞቹ ናቸው» ላሉት፣ የእነዚያ ልጆች እናቶችም በዚህ ሰዓት ስለ እርስዎ ልጅ ይህንኑ እያሉ ነው። ደግሞም ልጅዎ ቤት ውስጥ ሐበሻ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ለፖሊስ ጥቁር ወጣት ነው። «እኛ እኮ እንደነሱ አይደለንም» የሚለው ወሬያችን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የፖሊስ ባትሪ ፊቱ ላይ ሲበራ አይረዳውም። ስለዚህ ይህን ያስጠኑት፦ አይሩጥ፤ እጁን የሚታይ ቦታ ያድርግ፤ ስሙን ይናገር፤ ከዚያ «ጠበቃ እፈልጋለሁ፣ ያለ ጠበቃ አልናገርም» ይበልና ዝም ይበል። ዝም ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉ ከአፉ መውጣት አለበት። አይከራከር፣ አይሳደብ፣ እጁን አይመንጭቅ። በደል ቢደርስበት በማግስቱ በወረቀት ይነሳል፤ አስፋልት ላይ አይነሳም። ወቅቱም ከብዷል። ኦገስት 2025 ዲሲ ውስጥ በአንድ የመኪና ነጠቃ ሙከራ ላይ ድብደባ ተፈጸመና ሁለት የ15 ዓመት ልጆች ተያዙ፤ ልጆቹ ከሜሪላንድ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ፕሬዚዳንት ትራምፕ የከተማዋን ፖሊስ በፌዴራል ሥር አድርገው ናሽናል ጋርድ አሰማሩ። የአንድ ሌሊት ጨዋታ አሁን ከልጆቹ በላይ ላለ ፖለቲካ መሣሪያ ይሆናል።

ወደ ትኬቱ ልምጣ። አባቱን እረዳዋለሁ። አገር ቤት ዘመድ አለ፣ ተግሣጽ አለ፣ መንደሩ ሁሉ ወላጅ ነው። ያም ሆኖ አሁን መላክ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። አንደኛ፣ ፍርድ ቤት ቢጠራና ባይቀርብ የመያዣ ትእዛዝ ይወጣበታል፤ የሚመለስ ቀን ኤርፖርት ላይ የሚጠብቀው ያ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ እሱን ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

በአሜሪካ ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ፣ 18 ዓመት ሳይሞላው አንዱ ወላጁ ዜጋ ከሆነና ልጁም እዚሁ አገር በዚያ ወላጅ አሳዳጊነት ሥር አብሮ የሚኖር ከሆነ፣ ያለ ምንም ፈተናና ቃለ መሐላ በራሱ ዜጋ ይሆናል። ዜጋ ከሆነ ደግሞ ነገ ምንም ቢያጠፋ ከአገር አይባረርም። እናንተ በ2017 ከመጣችሁ ከ2022 ጀምሮ ማመልከት ትችሉ ነበር። ለምን እንዳላመለከታችሁ አልጠይቅም፤ የሁላችንም ሰበብ አንድ ነው፣ ሥራ በዛ፣ እንግሊዝኛው አስፈራ። ከአንዳችሁ አንዳችሁ በዚህ ወር ጀምሩ። ልጁን አዲስ አበባ ከላካችሁት ግን «እዚሁ አብሮ የሚኖር» የሚለው ይፈርሳል። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ የራሱ የነዋሪነት ቆይታ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ከመሄዱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ወረቀት ሳይጠየቅለት ከዓመት በላይ ከቆየ ግሪን ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ነው።

በኢሚግሬሽን በኩል አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2000 በወሰነው መሠረት፣ የወጣቶች ፍርድ ቤት ውሳኔ ለስደተኛ ጉዳይ «የወንጀል ፍርድ» ተብሎ አይቆጠርም። እንደ አዋቂ ተከሶ ከተፈረደበት ግን ይቆጠራል። ለስርቆት አንድ ዓመት እስር የተፈረደበት የግሪን ካርድ ባለቤት ደግሞ መመለሻ የሌለው ጣጣ ውስጥ ይገባል። ሌላ ጥንቃቄ፦ መዝገቡ እንዲዘጋ ከማስደረጋችሁ በፊት የሁሉንም ወረቀት ቅጂ ያዙ፤ በኋላ የዜግነት ማመልከቻ ላይ ስለመያዝ ይጠየቃል፣ ወረቀቱም ይፈለጋል። የወንጀል ጠበቃው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር ምንም ነገር አይፈርም።

ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ ማስፈራራት፣ እስር ቤት ማስጎብኘት ሲባልም እሰማለሁ። ይህ ተሞክሮ ተጠንቷል። እስረኞች ልጆችን እንዲያስፈራሩ የሚያደርጉት ፕሮግራሞች ተመዝነው ሲታዩ የገቡበት ልጆች ካልገቡበት ይልቅ ብሰው ተገኝተዋል። ቀበቶውም እንደዚያው ነው፤ በዚያ ላይ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤትን በር ላይ ያመጣባችኋል።

ታዲያ ምን ይሠራል? ሰዓቱን ይዩት። ትምህርት ቤት ከተዘጋበት እናንተ ከሁለተኛው ፈረቃ እስከምትመለሱበት ድረስ ስንት ሰዓት ነው? በብዙ ቤት ስምንት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ የሚሞላው የአባት ንግግር ሳይሆን ቦታ ነው፦ ቡድን፣ ሥራ፣ የአጎት ጋራዥ፣ ምንም ይሁን ምን ሰው የሚያየው ቦታ። አንዳችሁ ለሦስት ወር አንድ ፈረቃ መተው ከቻላችሁ፣ ከጠበቃ ክፍያም ከትኬትም ይረክሳል። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ በ15 ዓመት ከ9 ወሩ የመለማመጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። መንዳት የሚያምረው ልጅ ከሆነ ይህ በእጃችሁ ያለ ትልቅ ነገር ነው፤ በመሪው ላይ ከአባቱ ጎን የሚቀመጥባትን ቀን በሥራው ያግኛት።

ሌላው ደግሞ አስተርጓሚነቱን ውሰዱበት። ባንክ፣ ሐኪም፣ ትምህርት ቤት እሱ እየተረጎመላችሁ ካደገ፣ ማን ቤቱን እንደሚመራ ተምታቶበታል። የሪፖርት ካርዱን ወሬ ሳይቀር ሲያጣፍጥላችሁ ኖሯል። ፍርድ ቤት ውስጥ እሱም ታላቅ እህቱም አይተርጉሙ። የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ያ ልባችሁ የሚፈልገው ይቅርታም ቦታ አለው። የዲሲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በወጣቶች ጉዳይ፣ ተበዳዩ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ልጁና ቤተሰቡ ከተበዳዩ ጋር ክብ ሠርተው የሚቀመጡበት ፕሮግራም አለው። ሜሪላንድ ውስጥም ኮሚኒቲ ኮንፈረንሲንግ የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለ። ሽምግልናችን ማለት ነው፣ ቡናው ሲቀር። እዚያ የሚጠየቅ ይቅርታ ሰውን ይጠግናል። ካሳም ሊኖር ይችላል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ለአንድ ድርጊት ከልጁ ወይም ከወላጁ እስከ 10,000 ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። ይህን መንገድ የሚከፍተው ግን ጠበቃው ነው።

የምለው ሁሉ የማይሠራበት ሁኔታም አለ። ልጁ ያልገዛችሁለት ጫማና ገንዘብ ከያዘ፣ መሣሪያ አብሮ ከታየ፣ ወይም ትልልቅ ልጆች «አንተ ትንሽ ስለሆንክ ቶሎ ትለቀቃለህ» እያሉ የሚልኩት ከሆነ ነገሩ ከሽርሽር አልፏል። ያኔ ፈረቃ መቀየር አይበቃም። ጠበቃው ጋ ስትገቡ መጀመሪያ የምታነሱት ይህን ይሁን። ትምህርት ቤት መቀየር፣ እዚሁ አሜሪካ ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ በፍርድ ቤት ፈቃድ መሄድም ያኔ የሚታሰብ ነው።

ዛሬ የሚደረገው ይኸው ነው። የግል ጠበቃ ከሌላችሁ የሜሪላንድ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ይደውሉ። መርማሪው መልሶ ሲደውል ሰላም ይበሉትና «ልጄ ያለ ጠበቃ አይናገርም፣ እኔም ስለ ጉዳዩ አልናገርም፤ የጠበቃውን ስም አሳውቃለሁ» ይበሉ። «እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሻል?» ቢልም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይድገሙለት። ስሙን፣ የፋይሉን ቁጥርና የደወለበትን ሰዓት ጽፈው ስልኩን ይዝጉ።